በ128 ወይስ በ320? የ8 ጊጋ ባይት ማጫወቻ ሒሳብ

እህቴ፣ ጥያቄሽን አይቼዋለሁ። የአባትሽን 40 ሲዲና 60 ካሴት ወደ ኤምፒ3 ቀይረሽ፣ ሚሞሪ ካርድ በማይቀበል ባለ 8 ጊጋ ባይት ማጫወቻ ላይ ልትጭኚላቸው ነው። በሰከንድ በ128 ኪሎቢት ይሁን፣ በ192 ወይስ በ320 ብለሽ ጠይቀሻል (ቁጥሩ ሲበዛ ድምፁ ይጠራል፣ ፋይሉም ይተልቃል)፤ እስካሁን የመለሱልሽ ሁሉ «ዝም ብለሽ 320 አድርጊው» ብለውሻል። እኔ በዚህ አልስማማም።

በመጀመሪያ ሒሳቡን እንሥራ። ኪሎቢቱን ለ8 አካፍለሽ በ60 ብታባዢው፣ አንድ ደቂቃ ስንት ኪሎ ባይት እንደሚፈጅ ታገኛለሽ። በ128 አንድ ደቂቃ 960 ኪሎ ባይት ነው፤ በ192 ወደ 1.44 ሜጋ ባይት፣ በ320 ደግሞ 2.4 ሜጋ ባይት ይደርሳል። አንዱን ሲዲ 50 ደቂቃ፣ አንዱን ካሴት 60 ደቂቃ ብንለው ያለሽ 5,600 ደቂቃ ነው። በ320 ከ13 ጊጋ ባይት በላይ ስለሚሆን አይታሰብም። በ192 ስምንት ጊጋ ባይት ድፍን ይሆናል፤ እሱም አይገባም፣ «8 ጊጋ» ተብሎ የተሸጠ ዕቃ ኮምፒውተር ላይ ሲከፈት ሰባት ተኩል እንኳ አይሞላምና። በ128 ግን 5.4 ነው። እንግዲህ የቀረው፣ የተረፈውን ሁለት ጊጋ ባይት ለየትኛው ሙዚቃ እንስጠው የሚለው ነው።

እኔ ለሲዲዎቹ ስጪው እላለሁ። ከጥቂት ዓመታት በፊት እኔም ከ320 በታች አልሰማም ባይ ነበርኩ። ታናሽ ወንድሜ በዚህ ሲስቅብኝ ከርሞ አንድ ምሽት ፈተና አዘጋጀልኝ። አንድ የበገና፣ አንድ የክራር፣ አንድ ደግሞ ከበሮና ጭብጨባ የበዛበት የሠርግ ዘፈን ከሲዲ ወስዶ እያንዳንዱን በሦስቱም መጠን ጨመቀው። ፊቴን ወደ ግድግዳው አዙሬ፣ የጆሮ ማዳመጫ አድርጌ ተቀመጥኩ፤ እሱ እያደባለቀ ያጫውታል፣ እኔ እገምታለሁ። 192ን ከ320 ለይ ሲለኝ ከአሥር ጊዜ አምስቱን ብቻ አገኘሁ። ዕጣ ብጥልም ያን ያህል ማግኘቴ አይቀርም ነበር። በ128 የተጨመቀውን በገና ግን ከአሥር ጊዜ ዘጠኙን ለየሁት።

የበገናው ምክንያት ደስ ይላል። አሥሩ አውታሮች በርኩማ በሚባለው ደጋፊ እንጨት ላይ በሚያልፉበት ቦታ፣ በአውታሩና በእንጨቱ መካከል ትንንሽ የቆዳ ቁራጮች አሉ፤ እንዚራ ይባላሉ። ያ የምንወደው ንዝረት የሚወጣው በእነሱ ምክንያት አውታሩ የበርኩማውን ጠርዝ እየነካ ሲርገበገብ ነው። ኤምፒ3 ቦታ የሚቆጥበው ድምፁን በጣም አጫጭር ክፍሎች ከፋፍሎ፣ በጎላ ድምፅ የተሸፈነውን ደካማ ድምፅ እየቀነሰ ነው። የበገና ንዝረት ግን ከወፍራሙ ድምፅ ጀምሮ እስከ ቀጭኑ ድረስ ተደራርቦ የተሞላ ስለሆነ ቢትሬቱ (በሰከንድ የሚሰጠው ኪሎቢት) ሲያንስ ንዝረቱ ይደበዝዛል፤ እርጥብ ጨርቅ የለበሰ ይመስላል። በከበሮና በጭብጨባ ላይ ደግሞ ጥፋቱ ሌላ ነው፦ የመጭመቁ ስሕተት በክፍሉ ውስጥ ስለሚሰራጭ፣ ከምቱ ቀድሞ «ፍሽ» የምትል ነገር ትሰማለች። አንድ ጊዜ ከለየሻት በኋላ ሁልጊዜ ትሰሚያታለሽ፤ ስለዚህ ባትፈልጊያት ይሻላል።

ለሲዲዎቹ ሌም በተባለው ነፃ መጭመቂያ ተለዋዋጭ ቢትሬት ምረጪና ጥራቱን ቪ2 ላይ አድርጊው። ይህ ማለት ዘፈኑ ሲከብድ ብዙ ቢት ይሰጠዋል፣ ሲቀል ይቀንስበታል፤ አማካዩ ወደ 190 ኪሎቢት ይጠጋል። አርባው ሲዲ ከሦስት ጊጋ ባይት በታች ይገባልሻል።

ካሴት ላይ ግን ይህን ምክር እንዳትጠቀሚበት። እኔ የአክስቴን ካሴቶች በቪ2 ጨምቄ ፋይሎቹ ከሲዲዎቹ በልጠው ሲያብጡ ግራ ገብቶኝ ነበር። ለካ ጥፋተኛው «ሽሽ» የሚለው የካሴቱ የራሱ ድምፅ ነው። ሥርዓት የሌለው ድምፅ ለመጭመቅ ስለማይመች፣ መጭመቂያው ጉልበቱን ሁሉ እሱን በታማኝነት ለማቆየት ያውለዋል! ስለዚህ ለካሴት ቋሚ 128 ምረጪ፤ ከ15 ኪሎኸርዝ በላይ ያለውንም እንዲቆርጠው እዘዢው፣ በቤት ውስጥ ባረጀ ካሴት ላይ ከዚያ በላይ የሚቀረው በአብዛኛው ሽሽታው ነው። ስልሳው ካሴት በዚህ 3.5 ጊጋ ባይት ገደማ ይወስዳል። ከመካከላቸው የበገና ካሴት ካለ እሱን ለይተሽ በ192 አድርጊው፤ አሥር ቢሆኑ እንኳ የሚጨምሩብሽ 300 ሜጋ ባይት አይሞላም። ስብከት ወይም ትረካ ከሆነ ሞኖ (ግራና ቀኝ ያልተለየ አንድ ድምፅ) 64 ይበቃዋል። ሁሉም ተደምሮ ሰባት አይደርስም።

ከቁጥሩ ይልቅ የሚያሳስበኝ ሌላ ነገር ነው፦ ዋናውን ሳታስቀምጪ እንዳትጨምቂ። ሲዲዎቹንም ካሴቶቹንም መጀመሪያ ፍላክ በሚባለው የፋይል ዓይነት አድርገሽ በሃርድ ዲስክ ላይ አኑሪ፤ ፍላክ ከድምፁ ምንም ሳይጥል መጠኑን ወደ ግማሽ ገደማ ያወርደዋል። ለማጫወቻው የሚሆነውን ከዚያ ላይ ጨምቂ። ነገ ትልቅ ማጫወቻ ብትገዢ ከፍላኩ እንደገና ትጨምቂያለሽ እንጂ ከ128ቱ ላይ አትነሺም፤ የተጨመቀን ደግሞ መጭመቅ ጉዳቱን ይደራርበዋል። ወደ ላይ መቀየርም ከንቱ ነው። በአንድ ወቅት ሚሞሪ ላይ ዘፈን የሚጭን አንድ ሱቅ «ሁሉም 320 ነው» ብሎ አራት ጊጋ ባይት ሙሉ ጫነልኝ። ቤቴ ገብቼ ኦዳሲቲ በተባለው የድምፅ ፕሮግራም ስፔክትሮግራሙን (የድምፁን ከወፍራም እስከ ቀጭን የሚያሳየውን ሥዕል) ብከፍተው፣ ከ16 ኪሎኸርዝ በላይ በቢላ የተቆረጠ ይመስል ባዶ ነበር። የ128ን ፋይል ወስደው በ320 እንደገና አውጥተውታል። ቀጭን ወጥ በትልቅ ድስት ቢገለበጥ አይወፍርም፤ እኔ ግን የድስቱን ዋጋ በቦታ ከፈልኩ።

ካሴቱን ስትቀጂ የካሴት ማጫወቻውን ሄድ (ቴፑን የሚያነበውን ክፍል) አልኮል በነካው ጥጥ ጥረጊው፤ የድምፁን ከፍተኛ ልክም ከዜሮ በታች 6 ዴሲቤል ገደማ ላይ ያዢው፤ ቀዩን ነክቶ የተሰባበረ ድምፅ በ320ም አይድንም። ኤኤሲና ኦፐስ የተባሉት ሌሎች የመጭመቂያ ዓይነቶች በ128 ከኤምፒ3 የተሻለ ድምፅ አላቸው፤ ነገር ግን ርካሽ ማጫወቻዎች ብዙ ጊዜ አይከፍቷቸውም፣ ስለዚህ አንድ ፋይል ጭነሽ ሞክሪ።

የዘፈኖቹን ስም በአማርኛ ከመጻፍሽ በፊትም አንዱን ብቻ ጽፈሽ እዪው፤ የእኔ ማጫወቻ የግዕዙን ፊደል በሙሉ አራት ማዕዘን ሣጥን አድርጎ ነው የሚያሳየው። የአባትሽም እንደዚያ ከሆነ የፋይሎቹን ስም በ01፣ 02 ጀምሪና በዚያው ተራ አንድ በአንድ ቅጂያቸው። አንዳንዱ ማጫወቻ በስም ሳይሆን በተገለበጡበት ቅደም ተከተል ያጫውታቸዋል፤ አክስቴ የካሴቱን ለ ገጽ ከሀ ገጽ አስቀድማ እየሰማች ለሁለት ሳምንት ስትወቅሰኝ ከርማለች።