ከጡጦ በኋላ የሚያስመልሳቸው ሕፃናት፦ ጠይቁ፣ ሲስተር ትመልሳለች

ሲስተር፦ እንደምን አመሻችሁ። የሕፃናት ክፍል ነርስ ነኝ፣ 14 ዓመት ሆነኝ። ዛሬ ማታ የጣሳ ወተት ጠጥተው ስለሚያስመልሳቸው ልጆች የቻልኩትን ያህል እመልሳለሁ። ስትጠይቁ አራት ነገር ጻፉልኝ። ዕድሜ፣ ክብደት፣ በአንዴ ስንት ሚሊ እንደሚጠጣ፣ በስንት ማንኪያ እንደምትበጠብጡለት። ያለዚህ የምሰጣችሁ መልስ ግምት ነው። ከሁሉ በፊት ግን ይሄን ያዙ፦ የሚወጣው ነገር አረንጓዴ ከሆነ ወይም ደም ካለበት፣ 3 ወር ያልሞላው ልጅ ትኩሳቱ 38 ከደረሰ፣ ዳይፐሩ ለ6 ሰዓት ያህል ደረቅ ከሆነ፣ እርግብግቢቱ ከጎደጎደ ወይም ለማንቃት ካስቸገረ እኔን አትጠብቁ። ሆስፒታል ሂዱ።

የመጀመሪያ ልጅ እናት፦ ሲስተርዬ፣ ልጄ 6 ሳምንቷ ነው፣ 4 ኪሎ። በየ3 ሰዓቱ 120 ሚሊ ትጠጣለች። ለ30 ሚሊ አንድ ማንኪያ፣ ጣሳው እንደሚለው። በጠጣች ቁጥር ታስመልሳለች። ከዛ ግን ደህና ናት፣ ትስቃለች፣ ኪሎም እየጨመረች ነው። እናቴ ወተቱን ቀይሪው ትለኛለች።

ሲስተር፦ እንዲህ ነው መጠየቅ፣ ተባረኪ። ወተቱ ምንም አላደረገም። አብረን እናስላው። በዚህ ዕድሜ ለአንድ ኪሎ ክብደት በቀን 150 ሚሊ ገደማ ይበቃል። ለ4 ኪሎ 600 ሚሊ ማለት ነው። በቀን 8 ጊዜ ከጠጣች በአንዴ 75 ሚሊ። አንቺ ግን 960 እያደረሽው ነው። ሆዷ ያልቻለውን ትመልሰዋለች። ደግሞም ወተት ወደ ላይ እንዳይመለስ የሚዘጋው የጨጓራ አፍ ገና አልጠነከረም፣ ሕፃን የሚያቀረሸው ለዚህ ነው። ቅርሻት 4 ወር አካባቢ ይብሳል፣ ዓመት ሲሞላቸው አብዛኞቹን ይተዋቸዋል። እያቀረሸች ከወፈረችና ከሳቀች በሽታ አይደለም። ወደ 80 ዝቅ አድርጊው። ቁጥሩ መነሻ ነው፣ ርቧት ካለቀሰች ጨምሪላት፣ ፊቷን ስታዞር ደግሞ ጡጦውን ተቀበያት እንጂ እስክትጨርስ አታስገድጃት። መሃል ላይ ግሳት እንዲወጣት ትከሻሽ ላይ አድርገሽ ጀርባዋን መታ መታ አድርጊላት። ስትጨርስ 20 ወይም 30 ደቂቃ ቀና አድርገሽ ያዣት።

አዲስ አባል፦ ልጄ ያስመልሰዋል። መፍትሔ?

ሲስተር፦ ዕድሜ፣ ክብደት፣ ሚሊ፣ ማንኪያ።

ከጅዳ፦ ሲስተር፣ እኔ ሥራ ላይ ነኝ፣ ልጄ ደሴ እናቴ ጋ ነው። 5 ወሩ፣ 6 ኪሎ ተኩል። ወተቱን ከዚህ በሰው እልካለሁ። ጣሳው ላይ ያለው ጽሑፍ ዓረብኛና እንግሊዝኛ ነው፣ እናቴ አታነበውም። በፊት ደህና ነበር። ሌላ ዓይነት ጣሳ ከላክሁ ወዲህ ያስመልሰዋል፣ ሆዱ ደርቋል፣ ለቅሶ ብቻ ሆኗል። ለ120 ሚሊ 4 ማንኪያ ነው፣ እንደ ድሮው። «የዚህኛው ማንኪያ ተለቅ ይላል» ብላኛለች።

ሲስተር፦ ተለቅ ይላል ያሉት ላይ ነው ነገሩ ያለው። 14 ዓመት ሙሉ የምጮኸው ስለዚህች ማንኪያ ነው። ማንኪያ ሁሉ አንድ አይደለም። አንዱ ጣሳ ለ30 ሚሊ ውሃ አንድ ማንኪያ ይላል፣ ሌላው ለ60። እናትሽ በትልቁ ማንኪያ የትንሹን ቁጥር እየሰፈሩ ከሆነ ልጁ እጥፍ ወፍራም ወተት እየጠጣ ነው። ጨውና ፕሮቲኑ ይበዛበታል፣ ኩላሊቱ ያንን ለማስወጣት የሰውነቱን ውሃ ይጨርሳል። ይጠማዋል፣ ያለቅሳል። ራበው ተብሎ ያው ወተት ይደገምለታል። ያስመልሳል፣ ሆዱ ይደርቃል። ዛሬውኑ ደውይላቸው። የጣሳውን ጽሑፍ ፎቶ አስልኪና ራስሽ አንብቢው። ልጁን ዛሬ ሐኪም ይየው፣ ጣሳውንም ማንኪያውንም ይዘው ይሂዱ፣ በስንት ሲበጠብጡ እንደነበር ይንገሩ። ለማካካስ ብለው ደግሞ ባዶ ውሃ በላይ በላዩ እንዳያጠጡት። የሰውነት ጨው ባንዴ ሲወርድም አንጎልን ይጎዳል። እናትሽን አትቆጪያቸው፣ እሳቸው በሚያውቁት ልክ ነው የሰፈሩት።

ሌሎቻችሁም ስሙ። ማንኪያው የዛው ጣሳ ማንኪያ ይሁን። አዲስ ጣሳ ስትከፍቱ የድሮውን ማንኪያ ጣሉት። ውሃው ይቅደም፣ ዱቄቱ ይከተል፤ ዱቄቱ ከቀደመ ቦታ ይይዝና ውሃው ያንሳል። ማንኪያውን በቢላ ጀርባ አስተካክሉት፣ አትጠቅጥቁት። ወተቱ ውድ ነው፣ አውቃለሁ፣ እንዲቆይ ብላችሁ የምታቀጥኑትም አላችሁ። እሱም ክብደት ይቀንሳል፣ ጨው አንሶበት የሚንቀጠቀጥ ልጅም ይመጣልናል። መግዛት ካቃታችሁ ጤና ጣቢያ ሄዳችሁ ተናገሩ፣ ጡት ላይ ያላችሁ ደግሞ እሱን አታቋርጡ።

ከኮተቤ፦ ውሃውስ? እኔ የታሸገ ነው የምጠቀመው፣ ሳላፈላው።

ሲስተር፦ አፍዪው። ዱቄቱ ራሱ ከጀርም የጸዳ አይደለም፣ ችግሩ ውሃው ብቻ አይደለም። ክሮኖባክተር የሚባል ባክቴሪያ ዱቄት ውስጥ ሊኖር ይችላል፣ አራስ ልጅ ላይ ማጅራት ገትር ያመጣል። የዓለም ጤና ድርጅት ዱቄቱን ከ70 ዲግሪ ባልወረደ ውሃ በጥብጡ የሚለው ለዚህ ነው። አዲስ አበባ ከፍታ ላይ ስለሆነች ውሃ የሚፈላው 92 ዲግሪ ገደማ ላይ ነው፣ ስለዚህ አፍልታችሁ ካስቀመጣችሁት ቶሎ ከ70 በታች ይወርዳል። ፔርሙዝ ውስጥ ካልሆነ ካፈላችሁት ከ30 ደቂቃ በላይ አይቆይ። ከበጠበጣችሁ በኋላ ጡጦውን ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ አብርዱት፣ አንጓችሁ ላይ ጠብ አድርጋችሁ ሞክሩት።

ከኮተቤ፦ ለመንገድ በጥብጬ ፔርሙዝ ውስጥ ብይዘው?

ሲስተር፦ በፍጹም። ለብ ያለ ወተት ለባክቴሪያ ድግስ ነው። የፈላውን ውሃ በፔርሙዝ፣ ዱቄቱን በደረቅ ዕቃ ለየብቻ ያዢ፣ ሲርበው በጥብጪ። የተበጠበጠ ከ2 ሰዓት በላይ አይቆይ፣ ጠጥቶ የተረፈውም ይደፋ። ያሳዝናል፣ ግን ይደፋ።

ስም የለኝም፦ የትኛው ብራንድ ነው ለማያስመልስ የሚሻለው?

ሲስተር፦ ብራንድ አልናገርም። የጤና ባለሙያ የጣሳ ወተት አያስተዋውቅም፣ ከ1981 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ዓለም አቀፍ ደንብ አለው። ማንኪያውን አስተካክይ።

የመንታ እናት፦ ፕላሲል የሚባል የትውከት ማስታገሻ ጠብታ ፋርማሲ ሰጡኝ፣ 4 ወራቸው ነው።

ሲስተር፦ አትስጫቸው። የአውሮፓ መድኃኒት ተቆጣጣሪ በ2013 እ.ኤ.አ. ከ1 ዓመት በታች እንዳይሰጥ ብሏል። ያለፈቃዳቸው አንገታቸውንና ፊታቸውን ሊያጣምማቸው ይችላል።

አዲስ አባል፦ 3 ወሩ ነው። ያስመልሰዋል።

ሲስተር፦ አንዱን ነገርከኝ። ሦስት ቀረህ።

የሦስት ልጆች እናት፦ እህቶች፣ በከንቱ ነው የምትለፉት። እንጥሉ ወርዶ ነው። የእኔ ሁለተኛ ልጅ እንዲሁ ሲያስመልስ ሲያስመልስ በ4 ወሩ አስቆረጥሁት፣ 6 ወር ሳይሞላው ተወው።

ከሜሪላንድ፦ ዛሬም እንጥል የሚያስቆርጥ አለ?

የሦስት ልጆች እናት፦ አንቺ እዛ ሆነሽ ምን ታውቂያለሽ። እኛ ሁላችን ተቆርጠን ነው ያደግነው። ግጉንም አስወጥቼለታለሁ፣ ይኸው ትምህርት ቤት ገብቷል።

ከሜሪላንድ፦ እዚህ ስለሆንኩ አይደለም። እኔም ወሎ ነው ያደግሁት፣ እኔም ተቆርጫለሁ።

ከኮተቤ፦ የአክስቴ ልጅ ደሙ አልቆም ብሎ ነው ያለፈው። 20 ቀኑ ነበር። እባካችሁ ይሄን ለሰው አትምከሩ።

የሦስት ልጆች እናት፦ ነፍሱን ይማረው። የቆረጠው ሰው ዐዋቂ ባይሆን ነው።

ሲስተር፦ አቁሙ። እህቴ፣ ልጅሽን ወደሽ እንዳደረግሽው አውቃለሁ፣ ለክፋት አልነበረም። ግን የተናገርሽውን ራስሽ መልሰሽ አንብቢው። ቅርሻት 4 ወር አካባቢ ነው የሚብሰው ብዬ ከላይ ጽፌያለሁ። ሲብስበት አስቆረጥሽው፣ ከዛ በኋላማ በራሱም የሚቀንስበት ጊዜ ነው። ባታስቆርጪውም ይተወው ነበር። እንጥል ትውከት አያመጣም። ግግ የምትሉት ደግሞ ድድ ውስጥ ያለ፣ ገና ያልበቀለ ጥርስ ነው። ከአንዱ ልጅ ወደ ሌላው በሚዞር ስለት ሲቆረጥ ደም መፍሰስ አለ፣ ቴታነስ አለ፣ ኤችአይቪ አለ፣ ደሙ ውስጥ የሚገባ ኢንፌክሽን አለ። አንድ የ2 ወር ልጅ ተቆርጦ ደሙ እየፈሰሰ መጥቶልን ያውቃል። ደም ሰጥተን ተረፈ። ሲረጋጋ እናቱን እንዴት ትበጠብጪለታለሽ ብዬ ጠየቅኋት። ዱቄቱን ቀድማ ጨምራ ውሃውን እስከ መስመሩ ትሞላለች። ለማንኪያ ችግር ነው ያን ሁሉ ያየው። ውሃው ይቅደም።

የሦስት ልጆች እናት፦ እሺ ሲስተር። ሦስተኛዋን አላስነካኋትም። ሳትነግሪኝ በፊት ሁለቱን አድርጌያለሁ፣ ምን ላድርግ።

ሲስተር፦ ሦስተኛዋን አለማስነካትሽ ጥሩ ነው። ጎረቤትም ስትጠይቅሽ ይሄንኑ ንገሪያት።

ከሜሪላንድ፦ የእኔ 3 ወሯ ናት፣ ታስመልሳለች፣ ሰገራዋ ላይ የደም ክር አለ፣ ጉንጯ ቆስሏል። ሐኪሟ የላም ወተት ፕሮቲን አለርጂ ነው ብሎ ሌላ ወተት አዘዘላት፣ ይሸታል፣ አልጠጣም አለች። የፍየል ወተት ብሰጣትስ?

ሲስተር፦ አይሆንም። የፍየሉ ፕሮቲን ከላሙ ጋር በጣም ይመሳሰላል፣ አብዛኞቹ አለርጂ ያለባቸው ልጆች በሱም ይታመማሉ። የታዘዘላት ወተት ፕሮቲኑ የተሰባበረ ነው፣ ሽታውም ጣዕሙም ከዚያ ነው የሚመጣው። ደጋግመሽ ሞክሪ። እምቢ ካለች ለሐኪሟ ደውዪ፣ በራስሽ አትቀይሪ።

የመንታ እናት፦ በጀርባ ሳስተኛቸው ትውከቱ ያንቃቸዋል ብዬ እፈራለሁ። በሆዳቸው ላስተኛ?

ሲስተር፦ በጀርባ። ጤነኛ ሕፃን በጀርባው ተኝቶ ቢያቀረሽ ይውጠዋል ወይም ያስለዋል። በሆድ መተኛት ነው ድንገተኛ ሞትን የሚጨምረው።

ስም የለኝም፦ አጃ ጡጦው ውስጥ ብጨምር? አብሽስ? የልጄም ጸጉር እየሳሳ ነው።

ሲስተር፦ አጃ አይ። አብሽ አይ። ጸጉር ሌላ ቀን።

አባት ነኝ፦ ሲስተር፣ ከአንድ ሰዓት በፊት ጽፌ ነበር፣ በክርክሩ መሃል ተዋጠ። ወንድ ልጅ፣ የመጀመሪያችን፣ 5 ሳምንቱ፣ 3 ኪሎ ከ600። ባለፈው ሳምንት 3 ኪሎ ከ800 ነበር። 75 ሚሊ ይጠጣል፣ ማንኪያው ልክ ነው፣ አንቺ እንዳልሽው ውሃውን አስቀድመን ነው የምንበጠብጠው። በጠጣ ቁጥር ይወረውረዋል፣ አልጋው ዳር ድረስ ነው የሚሄደው። ወዲያው ደግሞ ርቦት ያለቅሳል። ነገ ጠዋት ሐኪም ቤት እንወስደዋለን።

ሲስተር፦ ወንድሜ፣ ነገ አይደለም። አሁን። ይሄ ቅርሻት አይደለም። ከጨጓራ ወደ አንጀት የሚያስወጣው በር ጡንቻው ወፍሮ ጠብቦ ሊሆን ይችላል። በብዛት ከ3 እስከ 6 ሳምንት ላይ ይጀምራል፣ ወንዶች ላይ ይበዛል፣ የመጀመሪያ ልጅ ላይም። ክብደቱም እየቀነሰ ነው። በአልትራሳውንድ ይታያል። ከሆነ ቀዶ ጥገና ነው፣ አጭር ነው፣ አብዛኞቹ በአንድ ቀን ውስጥ መልሰው ይጠጣሉ። ግን መጀመሪያ በደም ሥር ፈሳሽ አግኝቶ የደሙ ጨው መስተካከል አለበት፣ ለዚህ ነው የዛሬዋ ሌሊት የምትቆጠረው። ዳይፐሩ መቼ ነው የረጠበው?

አባት ነኝ፦ ከሰዓት 9 ሰዓት አካባቢ። አሁን ከምሽቱ 4 ሰዓት ነው።

ሲስተር፦ ተነሱ። ትልቅ ሆስፒታል፣ የሕፃናት ቀዶ ሕክምና ያለው ይሁን። የክትባት ካርዱን ያዙ፣ ክብደቱ እዛ ላይ ተጽፏል።

ከኮተቤ፦ መኪና ከፈለጋችሁ እኔ አለኝ፣ ሰፈራችሁን በውስጥ ጻፍልኝ።

አዲስ አባል፦ 3 ወሩ፣ 5 ኪሎ ተኩል፣ 180 ሚሊ በቀን 7 ጊዜ፣ በ6 ማንኪያ፣ ለ30 አንድ። ይቅርታ ሲስተር፣ ክብደቱን ለማወቅ ጤና ጣቢያ መሄድ ነበረብኝ።

ሲስተር፦ አመሰግናለሁ። ብዙ ነው፣ ወደ 120 አውርደው፣ የመጀመሪያዋ እናት ጋ የጻፍሁትን አንብብ።

አባት ነኝ፦ ደርሰናል። ድንገተኛ ክፍል ነን። በጣም እያለቀሰ ነው፣ እናቱ ጡጦ ልስጠው ትላለች።

ሲስተር፦ አትስጡት። ሐኪሙ ሳይፈቅድ ምንም በአፉ አይግባ። መጨረሻ የጠጣው ስንት ሰዓት እንደነበር ንገራቸው፣ እንዴት እንደሚወረውረው ልክ እዚህ እንደጻፍኸው ንገራቸው። እናቱ ደረቷ ላይ አድርጋ ትያዘው። እኔ አልተኛም፣ ጻፍልኝ።