ቲ ሴል የሚያየው ቁራጩን ነው፤ ቆራጩስ ማነው?

ባለፈው ሳምንት ስለ ክትባት ስጽፍ «ቲ ሴል ቫይረሱን አይቶ ይገድለዋል» የምትል ዓረፍተ ነገር አምልጣኝ ነበር። ቲ ሴል በቫይረስ የተያዘ ሴል እያደነ የሚገድል ነጭ የደም ሴል ነው። ሰኞ ጠዋት ቡናዬን ሳልጨርስ ተያዝኩ። እዚሁ ሐዋሳ ላቦራቶሪ ውስጥ የምትሠራ አንባቢ እንዲህ ብላ ላከችልኝ፦

«ቲ ሴል ቫይረስ አያይም። ይህን እያወቅህ ለምን ሰው ታሳስታለህ?»

ልክ ነሽ፤ ጥፋቱ የኔ ነው። ሙሉ ቫይረስ አግኝቶ የሚጣበቅበት አንቲቦዲ የሚባለው ተከላካይ ፕሮቲን ነው። ቲ ሴል ግን የተያዘው ሴል ውስጥ ገብቶ አይፈትሽም። የሚያየው ሴሉ ራሱ ከውስጥ ቆርጦ ደጁ ላይ የሰቀለውን የፕሮቲን ቁራጭ ነው። ቁራጩ የሚሰቀልበት መንጠቆ ኤምኤችሲ ይባላል፤ የሰው ሲሆን ኤችኤልኤ ይሉታል። ፒተር ዶኸርቲና ሮልፍ ዚንከርናግል እ.ኤ.አ. በ1974 ካንቤራ ላይ በአይጥ ሲሠሩ፣ ቲ ሴል ቫይረሱን ከመንጠቆው ነጥሎ እንደማያውቀው አሳዩ። በ1996 ኖቤል ተሸለሙበት። እኔ ደግሞ ሃምሳ ዓመት ዘግይቼ ተሳሳትኩበት።

የዚህን ሳምንት ጥያቄዎች የመረጥኩትም በዚሁ ሰበብ ነው።

«የሁለተኛ ዓመት ባዮሎጂ ተማሪ ነኝ። ፕሮቲያዞም ፕሮቲኑን ከቆረጠው በኋላ ኢራፕ 1 ምን ሊሠራ ይመጣል? መምህራችን በአንድ ስላይድ አለፈው።»

መምህርህ ጥሩውን ነገር ነው የዘለለው። ምሳ ሰዓት ላይ አሞራ ገደል ሂድና ዓሣ የሚበልቱትን ልጆች ቆመህ እያቸው። አንዱ ቆሮሶውን ይገፈዋል፣ ፊሌቶውን ያወጣል። አጠገቡ ያለው ቢላውን ጋደም አድርጎ ጫፍ ጫፉን ያስተካክላል። ትርፍራፊው ወደ መሬት ይወረወራል፤ አባ ኮዳ እዚያው ቆሞ ይጠብቃል።

ፕሮቲያዞም፣ ሴል ውስጥ ያለው ፕሮቲን ቆራጭ፣ የመጀመሪያው ልጅ ነው፤ ኢራፕ 1 ደግሞ ጫፍ የሚያስተካክለው ሁለተኛው። እንደ በርሜል ያለ ነገር ሲሆን፣ የበርሜሉ ግድግዳ ከ28 ክፍሎች በ4 ቀለበት የተሠራ ነው፤ እያንዳንዱ ቀለበት 7 አለው። ቢላዎቹ 6 ናቸው፣ ሁሉም ከውስጥ። ያረጀውን፣ ሲሠራ የተበላሸውን፣ የቫይረሱንም ፕሮቲን ሳይመርጥ ይከትፋል። ከሚወጣው አብዛኛው በጣም አጭር ስለሆነ ወዲያው ፕሮቲን ወደሚገነባባቸው ጡቦች፣ ወደ አሚኖ አሲድ፣ ይፈርሳል። ሴል ውስጥ አባ ኮዳ ሞልቷል። የተረፈው ጥቂቱ ታፕ በሚባል በር መንጠቆው ወደሚጠብቅበት የሴል ክፍል፣ ወደ ኢንዶፕላዝሚክ ሬቲኩለም፣ ይገባል።

ችግሩ እዚህ ነው። መንጠቆው ላይ ያለው ቦይ ሁለቱም ጫፉ ዝግ ስለሆነ የሚወደው ከ8 እስከ 10፣ አብዛኛውን ጊዜ 9 አሚኖ አሲድ ነው። ፕሮቲያዞም የጭራውን በኩል አብዛኛውን ጊዜ ልክ አድርጎ ይቆርጠዋል። የራሱ በኩል ግን ትርፍ ይቀራል። ይህ ሥራው እ.ኤ.አ. በ2002 የታወቀለት ኢራፕ 1 ያንን ትርፍ ከራስ በኩል አንድ አንድ አሚኖ አሲድ እያለ ይከረክማል።

እኔን ሁሌም የሚገርመኝ ርዝመት መለካቱ ነው። ከ10 እስከ 16 ያለውን በደስታ ይቆርጣል፤ 8 ወይም 9 ሲደርስ እጁ ይከብደዋል። እንዲያም ሆኖ አንዳንዴ ከልክ በላይ ይቆርጥና ሊሰቀል የሚችለውን ያበላሸዋል። የኢራፕ 1 ዘረ መል ከሰው ሰው ስለሚለያይ፣ ያው ቫይረስ ቢይዘንም ያንተ ሴልና የኔ ሴል ደጃቸው ላይ የሚሰቅሉት አንድ ዓይነት ላይሆን ይችላል።

ፈተና ላይ ነጥብ የምታመጣልህ ደግሞ ይቺ ናት። ኢራፕ 1 ሁለተኛው አሚኖ አሲድ ፕሮሊን የሚባለው ዓይነት ከሆነ መቁረጥ ያቅተዋል። ኤችአይቪ ይህን ተጠቅሞበታል። ቢ57 የሚባለው መንጠቆ ባላቸው ሰዎች ውስጥ ቫይረሱ የሚሰቀለውን ቁራጭ ራሱን አልነካውም፤ ከቁራጩ ፊት ያለችውን አንዲት አሚኖ አሲድ፣ አላኒንን፣ ብቻ ወደ ፕሮሊን ቀየራት። ከርካሚው እዚያ ላይ ተገትሮ ይቀራል፣ ቁራጩም ሳይሰቀል ይቀራል። ይህ እ.ኤ.አ. በ2004 ታትሟል። አንዲት አሚኖ አሲድ! ተንኮሉን ሳስበው ልቤ ይደነግጣል፣ ግን ማድነቄም አልቀረም።

«ፀሐይ ሲበዛብኝ ከንፈሬ ላይ ምች ይወጣል። ዳማከሴ አደርግበታለሁ፣ ይደርቃል፣ ደግሞ ይመለሳል። በሽታ መከላከል አቅሜ ደክሞ ይሆን? የታቦር እናት ነኝ።»

አይዞዎት፣ የእርስዎ ድካም ላይሆን ይችላል። ከንፈር ላይ የሚወጣው ምች አብዛኛውን ጊዜ ሄርፒስ ሲምፕሌክስ የሚባል ቫይረስ ነው። ቁስሉ ሲድን ቫይረሱ ከሰውነት አይወጣም። የፊት ነርቭ ሥር ገብቶ ይተኛል። ተኝቶ ሳለ ፕሮቲን እምብዛም አይሠራም፤ ፕሮቲን ከሌለ የሚቆረጥም የሚሰቀልም የለም። ሲነሳ ደግሞ አይሲፒ 47 የሚባል ፕሮቲን ሠርቶ ቅድም ያልኩትን በር፣ ታፕን፣ ይወትፈዋል። ሴሉ ቢቆርጥም ቁራጩ የሚያልፍበት የለውም። ተከላካዮቹ በሌላ መንገድ ዞረው እስኪደርሱበት ከንፈርዎ ቆስሏል።

ከዳማከሴ ጋር ጠብ የለኝም፤ የእናቴ ጓሮ ሽታ ነው። ነርቭ ሥር ግን አይደርስም። ቶሎ ቶሎ የሚመለስ ከሆነ አሲክሎቪር ስለሚባለው የዚህ ቫይረስ መድኃኒት ሐኪም ያማክሩ። ዓይንዎ አካባቢ ከወጣ ግን በዚያው ቀን ይታዩ። ቁስሉ እያለ ጨቅላ ሕፃን አይሳሙ፤ ለአራስ ልጅ አደገኛ ነው።

«ፓፓያ ፕሮቲን የሚቆርጥ ኢንዛይም አለው ሲሉ ሰማሁ። አብዝቼ ብበላ ሴሎቼን አያግዝም?»

አያግዝም። ፓፔይን ያለው በተለይ ጥሬው ፓፓያ ወተት ውስጥ ነው፤ ሥጋ ያለሰልሳል። ከዋጥሽው ግን እሱም እንደማንኛውም ፕሮቲን ይፈጫል፣ ሴል ውስጥ ገብቶ ከፕሮቲያዞም ጎን አይሰለፍም። ፓፓያ ስለሚጣፍጥ ብዪ።

«27 ዓመቴ ነው፣ ከአቶቴ ፒያሳ ባጃጅ እሠራለሁ። ጠዋት ወገቤ ለአንድ ሰዓት ያህል ይገትረኛል፣ ሥራ ስጀምር ይለቀኛል። ወራት አልፎታል። እህቴ ወንበሩ ነው ትላለች፣ ሐኪሙ ቢ27 የሚባል ምርመራ አነሳ። ምንድነው?»

ወንበሩ ቢሆን ኖሮ ስትሠራ ይብስብህ፣ ስታርፍ ይሻልህ ነበር። ያንተ ተገላቢጦሽ ነው፤ ሐኪምህ በደንብ ሰምቶሃል። ከ45 ዓመት በፊት የጀመረ፣ ከ3 ወር ያለፈ፣ ጠዋት ከግማሽ ሰዓት በላይ የሚገትር፣ ሲንቀሳቀሱ የሚሻል የወገብ ሕመም አንካይሎዚንግ ስፖንዲላይቲስ የሚባለውን የአከርካሪ መገጣጠሚያ ብግነት ያስጠረጥራል።

ቢ27 ከመንጠቆዎቹ አንዱ ዓይነት ነው። ከዚህ በሽታ ጋር መያያዙ እ.ኤ.አ. ከ1973 ጀምሮ ይታወቃል። ግን ልብ በል፦ ቢ27 ካላቸው ሰዎች አብዛኞቹ ዕድሜ ልካቸውን አይታመሙም። ስለዚህ ምርመራው አለህ ቢል ፍርድ አይደለም፤ ከምልክቶችህና ከራጅ ጋር የሚታይ አንድ ፍንጭ ነው።

ከርካሚው እዚህም ብቅ ይላል። እ.ኤ.አ. በ2011 የወጣ ጥናት እንዳሳየው የኢራፕ 1 ልዩነት የበሽታውን ዕድል የሚለውጠው ቢ27 ባላቸው ሰዎች ላይ ነው። ቀዝቀዝ ብሎ የሚቆርጥ ዓይነት ያላቸው ዕድላቸው ይቀንሳል። ስለዚህ ነገሩ በከርካሚውና በመንጠቆው መካከል ያለ ይመስላል። ጥፋተኛው የተሰቀለው ቁራጭ ነው ወይስ መንጠቆው ራሱ ሲታጠፍ እየተበላሸ ነው የሚለው ላይ ግን ተመራማሪዎቹም ገና አልተስማሙም።

አንተ የሚያስፈልግህ ወደ ሐኪሙ መመለስ ነው። እንቅስቃሴ የሕክምናው ትልቁ ክፍል ነው፣ አታቋርጥ። ማስታገሻ ግን ከፋርማሲ በራስህ እየገዛህ አትዋጥ፤ ጨጓራና ኩላሊት ይጎዳል። ዓይንህ ከቀላና ካመመህ ቀጠሮ ሳትጠብቅ ሂድ። እስከዚያው ጠዋት ጠዋት ስንት ደቂቃ እንደሚገትርህ፣ ሌሊት ሕመሙ ይቀሰቅስህ እንደሆነም ስልክህ ላይ መዝግብ። የሁለት ሳምንቱን ይዘህ ግባ።