የትንሽ ከተማ ሥራ አጥነት፦ ቁጥሩ ምን ይላል? ጥያቄና መልስ

የሥራ ገበያ መረጃ ላይ ስለምሠራ፣ ስለ ትንንሽ ከተሞች ሥራ አጥነት የመጡትን ጥያቄዎች እንደ አመጣጣቸው ልመልስ።

ጥያቄ፦ በከተማችን ሥራ አጥነት ቀነሰ ተባለ። በሰፈሬ ግን ሥራ ያገኘ ሰው አላየሁም። ማንን ልመን?

መልስ፦ ሁለቱም እውነት ሊሆን ይችላል። የሥራ አጥነት ምጣኔው የሚወጣው ሥራ አጦች ለጠቅላላው የሥራ ኃይል ተካፍለው ነው። የሥራ ኃይል የሚባለው የሚሠራውና ሥራ የሚፈልገው ሰው ድምር ነው። መፈለግ ያቆመ ሰው እዚያ ውስጥ የለም።

ለማስረዳት ያህል፣ የሥራ ኃይሏ 50,000 የሆነ ከተማ እንውሰድ። 2,500ው ሥራ አጥ ከሆነ ምጣኔው 5 በመቶ ነው። አንድ ፋብሪካ 600 ሰው ሲያሰናብት ወደ 6.2 በመቶ ይወጣል። ከእነዚህ 400ው ተስፋ ቆርጠው ፍለጋውን ቢተዉ ወይም ከተማዋን ለቀው ቢሄዱ ምጣኔው ወደ 5.4 ይወርዳል። በዜና «ተሻሻለ» ይባላል። ግን አንድም ሰው ሥራ አላገኘም! ስለዚህ ከመቶኛው ጎን የተቀጣሪዎችን ብዛት ሁሌም እዩ። እሱ ካልጨመረ ደስታው ይቆየን።

ጥያቄ፦ በሳምንት ጥቂት ሰዓት ብቻ ነው የምሠራው። ሥራ አጥ ነኝ?

መልስ፦ በስታቲስቲክስ አይደለህም። በዓለም ሥራ ድርጅት መለኪያ፣ የሥራ ጥናቱ በሚመለከተው ሳምንት ለክፍያ ወይም ለትርፍ 1 ሰዓት እንኳ የሠራ ሰው ሥራ እንዳለው ይቆጠራል። ተጨማሪ ሰዓት እየፈለግክ ካጣህ የምትገባው ሌላ መለኪያ ውስጥ ነው፣ ያልተሟላ ሥራ የሚባለው። እኔ ይሄ ቁጥር የሚገባውን ትኩረት አላገኘም ባይ ነኝ። የቤት ኪራይ በ1 ሰዓት ሥራ አይከፈልም።

ጥያቄ፦ የእኛ ቁጥር በየወሩ ለምን እንዲህ ይዋዥቃል?

መልስ፦ አንዱ ምክንያት ናሙናው ነው። ለምሳሌ አሜሪካ ውስጥ ወርኃዊው የቤተሰብ ጥናት በመላ አገሪቱ ወደ 60,000 ቤቶችን ነው የሚይዘው። ይህ ለየከተማው ሲከፋፈል ለትንሿ ከተማ የሚደርሳት በጣም ጥቂት ነው። ስለዚህ ባለሙያዎች ሥራ ላጡ ሰዎች የሚከፈለውን የመድን ገንዘብ የጠየቁትን ሰዎች ብዛትና የድርጅቶችን የቅጥር መረጃ ጨምረው ግምት ያወጣሉ። ግምቱ በኋላ ይታረማል። የአንድ ወር ለውጥ አይታችሁ አትደንግጡ።

ሌላው ወቅት ነው። ትምህርት ቤት ሲዘጋ፣ የጎብኚ ወቅት ሲያልፍ፣ አዝመራ ሲያልቅ ቁጥሩ ይቀያየራል። ቁጥሩ ወቅታዊ ማስተካከያ ያልተደረገበት ከሆነ፣ ማለትም በየዓመቱ የሚደጋገመው የወቅት ውጣ ውረድ ካልተቀነሰለት፣ ካለፈው ወር ጋር ሳይሆን ካለፈው ዓመት ተመሳሳይ ወር ጋር አነጻጽሩ።

ጥያቄ፦ አንድ ድርጅት ብቻ ቢዘጋ ይህን ያህል ያናጋል?

መልስ፦ በትልቅ ከተማ ላይታይ ይችላል። በትንሽ ከተማ ግን በደንብ ያናጋል። ደመወዙ ሲቋረጥ የምሳ ቤቱ፣ የታክሲው፣ የልብስ ሰፊው ገበያ አብሮ ይቀዘቅዛል። የእነዚህ ሰዎች መቸገር ቁጥሩ ላይ የሚታየው ዘግይቶ ነው። ብዙዎቹ የግል ሥራ ስላላቸው ገቢያቸው በግማሽ ቢወርድም «ሥራ አላቸው» ነው የሚባለው።

ጥያቄ፦ አጎራባች ከተማ እየተመላለስኩ እሠራለሁ። የት ነው የምቆጠረው?

መልስ፦ የቤተሰብ ጥናት በምትኖሪበት ይቆጥርሻል። የድርጅቶች ጥናት በምትሠሪበት። ሁለቱ ቁጥሮች የማይገጥሙት አንዳንዴ ለዚህ ነው።

ጥያቄ፦ ልጄ በቅርቡ ተመረቀች። የከተማችን ምጣኔ ከፍ ያለ ነው። ለቃ ትሂድ?

መልስ፦ በአማካዩ ብቻ አትወስኑ፣ እናቴ። አማካዩ የብየዳ ባለሙያውንም ነርሷንም አንድ ላይ ነው የሚጨፈልቀው። በእሷ ሙያ በቅርብ ወራት የወጡ ማስታወቂያዎችን ትቁጠር። ያው ማስታወቂያ ደጋግሞ ከወጣ ቀጣሪው ሰው አጥቷል፣ ወይም የተቀጠረው ቶሎ ይለቃል። የትኛው እንደሆነ እዚያ የሠራ ሰው ትጠይቅ። ፍለጋው ከ1 ዓመት በላይ እንዲጎተት ግን አትተዉት። ያኔ የረጅም ጊዜ ሥራ አጥ ትባላለች፣ ቀጣሪዎችም በጥርጣሬ ማየት ይጀምራሉ።