የፀሐይ ባትሪ ወፍጮ ያንቀሳቅሳል ወይ?

ጥያቄ፦ ቀበሌያችን ከዋናው የመብራት መስመር የራቀች በመሆኗ፣ 200 አባወራዎች በማኅበር ተደራጅተን የፀሐይ ኃይል ማመንጫ ከነባትሪው ለመትከል አስበናል። ባትሪው ማታ ከማብራት አልፎ የእህል ወፍጯችንን ያንቀሳቅስልናል?

የማኅበሩ ጸሐፊ

መልስ፦ ክቡር ጸሐፊ፣ ወፍጮው ይሠራል፤ የሚያዋጣችሁ ግን የባትሪውን ኃይል ለማታ ትታችሁ፣ እህሉን በቀትር በቀጥታ ከፀሐይ በሚገኘው ኃይል ብትፈጩ ነው። አንድ ቤት ማታ ለአምፖል፣ ለስልክና ለቴሌቪዥን ግማሽ ኪሎዋት ሰዓት ይጠቀማል ብንል፣ ለ200 ቤት 100 ኪሎዋት ሰዓት ያስፈልጋል፤ የሊቲየም ባትሪ ከያዘው 80 በመቶው ብቻ ሲወሰድለት ዕድሜው ስለሚረዝም፣ 125 ኪሎዋት ሰዓት የሚይዝ መግዛት ይኖርባችኋል። የአሲድ ባትሪ ሲገዙት ርካሽ ነው፤ ነገር ግን ከግማሽ በታች በወረደ ቁጥር ስለሚጎዳ፣ ለዚያው ሥራ 200 ኪሎዋት ሰዓት ይጠይቃችኋል።

የወፍጮ ሞተር ሲነሣ ከመደበኛው አምስትና ስድስት እጥፍ ኤሌክትሪክ ይስባል። ስለዚህ አነሣሡን የሚያለዝብ መሣሪያ ካልተገጠመለት ኢንቨርተሩ (የፀሐዩንና የባትሪውን ኤሌክትሪክ ለቤትና ለሞተር ወደሚስማማ ዓይነት የሚለውጠው መሣሪያ) ራሱን ሊያጠፋ፣ መንደሩም በአንድ ጊዜ ሊጨልም ይችላል። ከወፍጮው ይልቅ እኔን የሚያሰጋኝ ምጣዱ ነው፦ አንድ የኤሌክትሪክ ምጣድ 3 ኪሎዋት ገደማ ስለሚስብ፣ አሥር ቤቶች በአንድ ምሽት እንጀራ ቢጋግሩ የሌላው ሰው መብራት ይቋረጣል። መተዳደሪያ ደንባችሁ ላይ ምጣድ በየትኛው ሰዓት እንደሚፈቀድ ከወዲሁ ጻፉበት፤ የባትሪውን ክፍልም ጥላ ባለበትና ነፋስ በሚዘዋወርበት ቦታ ሥሩት።