ሌሊቱ አልነጋ ላላችሁ ወላጆች

በዚህ ወር ከደረሱን ጥያቄዎች አብዛኞቹ ስለ ሕፃናት እንቅልፍ ናቸው። ስለዚህ ሌላውን ለሚቀጥለው አቆይተን ዛሬ በዚሁ ላይ ብቻ እናውራ። አንድ ነገር አስቀድሜ ልበል፤ ሕፃን ሌሊት ይነቃል። ይሄ በሽታ አይደለም፣ የእናት ድክመትም አይደለም። የሚከፋው ሌሊቱ በሙሉ በአንድ ሰው ጫንቃ ላይ ሲወድቅ ነው።

ጥያቄ፦ የ5 ሳምንት ወንድ ልጅ አለኝ። ቀኑን ሙሉ ጭልጥ ብሎ ይተኛና ልክ ከምሽቱ 3 ሰዓት ሲሆን ዓይኑ ይፈጣል። እስከ ሌሊቱ 9 ሰዓት ወይ ይጠባል ወይ ያለቅሳል። አማቴ ሊያርሱኝ መጥተው አብረውን ናቸው፣ በጣም ይንከባከቡኛል፣ ግን «ወተትሽ ቀጥኗል፣ የላም ወተት በውሃ አቅጥነን እንጨምርለት» ይሉኛል። አብሽም አፍልተው ሊሰጡት ይፈልጋሉ። እምቢ ማለት ከበደኝ። (ከአዳማ)

መልስ፦ እንኳን በሰላም ተገላገልሽ እህቴ። ልጅሽ ምንም አልሆነም። ሕፃን ሲወለድ ቀንና ሌሊትን ለይቶ አያውቅም። ለእንቅልፍ የሚያዘጋጀንን ሜላቶኒን የተባለ ሆርሞን ሰውነቱ ራሱ በሥርዓት ማምረት የሚጀምረው ወደ 3 ወር ገደማ ነው። እስከዚያ የሚያገኘው ካንቺ ጡት ነው፤ ሌሊት የሚወጣው ወተት ሜላቶኒን አለው፣ በቀኑ ወተት ውስጥ ግን እምብዛም አይገኝም። ስለዚህ የሌሊቱን ጡት በላም ወተት መተካት እንቅልፉን አያሻሽልለትም።

ወተትሽ መብቃት አለመብቃቱን በለቅሶው አትለኪው። በዚህ ዕድሜ በ24 ሰዓት ውስጥ ከ8 እስከ 12 ጊዜ መጥባት የተለመደ ነው፣ ለቅሶም ከሁሉ የሚበረታው ወደ 6ኛው ሳምንት አካባቢ ሆኖ ከ3 እስከ 4 ወር ባለው ጊዜ እየቀለለ ይሄዳል። መለኪያው ሽንቱና ክብደቱ ነው። በ24 ሰዓት 6 እና ከዚያ በላይ ዳይፐር ካረጠበና ክብደት እየጨመረ ከሆነ በቅቶታል። የ45 ቀን ክትባቱ ደርሷል አይደል? ጤና ጣቢያ ስትሄዱ አማትሽን ይዘሻቸው ሂጂ። ሚዛን ላይ ሲወጣ ይዩት፣ ነርሷም ካርዱን እያሳየች ታስረዳቸው። ከምራት አፍ ሲሰማ የሚያስከፋ ነገር ከነርስ ሲመጣ ቅር አያሰኝም።

እስከ 6 ወር ከጡት በቀር ምንም አይሰጠውም። የላም ወተት፣ የአብሽ ውሃ፣ ስኳር በውሃ፣ ቅቤ፣ ሁሉም ይቅር። ትንሽ ሆዱ በሌላ ነገር ከሞላ ጡቱን ይተዋል፣ ጡት ካልተጠባ ደግሞ ወተቱ እውነትም ይቀንሳል፤ ውሃው ንጹሕ ካልሆነ ተቅማጡ ይከተላል። ማር ደግሞ 1 ዓመት ሳይሞላው በጣት ጫፍ እንኳ አይቀመስም፣ ቦቱሊዝም የሚባል ጡንቻ የሚያሽመደምድ መመረዝ ሊያመጣ ይችላል። አብሹን አንቺው ጠጪው፣ እሳቸውም የሠሩት ከንቱ አይቀርም።

ቀንና ሌሊቱን ደግሞ እናንተ አስተምሩት። ቀን መጋረጃው ይከፈት፣ የጠዋት ፀሐይ ያግኘው፣ የቤቱ ወሬና የዕቃው ድምፅ አይጥፋ። ሲጠባ አዋሪው፣ ዓይኑን እያየሽ ተጫወቺ። ሌሊት ግን ደብዘዝ ያለ መብራት ብቻ፤ አጥቢው፣ አስገሺው፣ መልሰሽ አስተኚው፣ ወሬ የለም። ዓይነ ምድር ካልነካው ዳይፐሩን ለመቀየር አትጣደፊ። ለአማትሽም ሥራ ስጫቸው፦ ጠዋት 12 ሰዓት ላይ ጠብቶ ሲያበቃ ይቀበሉሽና አንቺ እስከ 3 ሰዓት በርሽን ዘግተሽ ተኚ። አራስ ጠያቂ ከመጣም እሳቸው ያስተናግዱ።

ጥያቄ፦ ልጄ 5 ወሯ ነው። በ3 ወሯ ሌሊት 6 ሰዓት ያህል ሳትነቃ ትተኛ ነበር። አሁን በየሰዓቱ ትነሳለች፣ ጡት ካልጎረሰችም አትተኛም። ሥራ ከተመለስኩ ወዲህ ቢሮ ውስጥ ቁጭ ብዬ እንቅልፍ ይዞኝ ይሄዳል። ጎረቤቴ «ማታ በጡጦ አጥሚት ስጪያት» ትላለች፣ እህቴ ደግሞ «አልቅሳ ይውጣላት፣ ተያት» ትላለች። የቱን ልስማ? (ከአዲስ አበባ)

መልስ፦ ሁለቱንም ለጊዜው አትስሚ። ወደ 4 ወር ገደማ የሕፃን እንቅልፍ ራሱ ይለወጣል። ከባዱና ቀላሉ እንቅልፍ እየተፈራረቀ መምጣት ይጀምራል፣ አንዱ ዙር በግምት ከ50 ደቂቃ እስከ 1 ሰዓት ይፈጃል፣ በየዙሩ ማብቂያም ትንሽ ትነቃለች። እኛም እንነቃለን፣ ተገላብጠን እንተኛለን፣ ጠዋት ትዝም አይለንም። እሷ ግን ስትተኛ አፏ ውስጥ የነበረው ጡት ስትነቃ የለም፤ ስለዚህ ትጠራሻለች። በዚያ ላይ ቀን ስለምትለይዋት የቀኑን ጡት በሌሊት ታካክሳለች። ይሄ ሥራ በተመለሱ እናቶች ላይ በጣም የሚታይ ነገር ነው፣ ጥፋትሽ አይደለም።

ከቀኑ ጀምሪ። ቢሮ እያለሽ የምታልቢው ወተት በንጹሕ ዕቃ ማቀዝቀዣ ውስጥ እስከ 4 ቀን ይቆያል፣ ውጭ ደግሞ ሙቀቱ ከ25 ዲግሪ ካልበለጠ እስከ 4 ሰዓት። ሞግዚቷ በሲኒ ወይም በማንኪያ ቀስ እያለች ትስጣት። ቤት እንደገባሽ ጫማሽን አውልቀሽ አጥቢያት፣ ከመተኛቷ በፊትም ድገሚላት። ቀን ሆዷ በጠገበ መጠን ሌሊት የምትፈልገው ይቀንሳል።

ከዚያ ማታው። እኛ ቤት ውስጥ ሕፃን ብዙ ጊዜ የሚተኛው ትልቅ ሰው ሲተኛ ነው። ቴሌቪዥኑ እስከ ምሽቱ 4 ሰዓት ይጮኻል፣ እንግዳ ይመጣል፣ አንዱ ካንዱ እየተቀበለ ያጫውታታል፣ እሷም ድካሙ ካለፈባት በኋላ ስትነጫነጭ «እንቅልፍ እምቢ አላት» እንላለን። በዚህ ዕድሜ ነቅታ የምትቆየው 2 ሰዓት ገደማ ነው። የቀኑም የሌሊቱም እንቅልፍ ተደምሮ ከ12 እስከ 16 ሰዓት ያስፈልጋታል ይላል የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2019 ያወጣው መመሪያ። ከምሽቱ 1 ሰዓት ተኩል ገደማ በየቀኑ ያው ነገር በተራው ይደረግ፦ ገላዋን እጠቢያት፣ የሌሊት ልብሷን አልብሻት፣ ጡት ስጫት፣ እሹሩሩ በያት። ከዚያ ዓይኗ ሲስለመለም፣ ጭልጥ ብላ ሳትተኛ፣ አልጋዋ ላይ አጋድሚያት። መጀመሪያ ትቃወማለች። እጅሽን ደረቷ ላይ አድርጊ፣ ካለቀሰች አንሺያት፣ ስትረጋጋ መልሺያት። በአንድ ሳምንት ውስጥ ተአምር አትጠብቂ፣ ግን ይለመዳል።

ሌሊት ድምፅ ስታሰማም ዘለሽ አትነሺ። ሕፃናት እንቅልፍ ላይ ሆነው ያጉረመርማሉ፣ ይንፈራገጣሉ። ትንሽ ጠብቂ፣ ራሷ ልትመለስ ትችላለች። እህትሽ ያለችውን፣ ማለትም ብቻዋን አልቅሳ ትተኛ የሚለውን፣ እኔ ለ5 ወር ልጅ አልመክረውም። 1 ወይም 2 ጊዜ ለመጥባት መነሳት በዚህ ዕድሜ እውነተኛ ረሃብ ነው። አጥሚቱ ደግሞ 6 ወር እስክትሞላ ይቆይ፤ ከዚያም በኋላ በጡጦ ሳይሆን በማንኪያ፣ ወፈር ብሎ ነው የሚሰጠው።

ጥያቄ፦ አባት ነኝ። ጠዋት 12 ሰዓት ሥራ እወጣለሁ። ጡት የለኝ ምን ልርዳት? ጓደኛዬ ሕፃን የሚያስተኛ ሽሮፕ ፋርማሲ አለ ብሎኛል፤ ልግዛ?

መልስ፦ አትግዛ ወንድሜ። የሳልና የአለርጂ ሽሮፖች እንቅልፍ ስለሚያመጡ ብቻ ለሕፃን አይሰጡም። ፕሮሜታዚን የሚባለው ለምሳሌ ከ2 ዓመት በታች ላለ ልጅ ፈጽሞ አይሰጥም፣ ትንፋሽ እስከ ማቆም ሊያደርስ ይችላል።

ጡቱ የእሷ ነው፣ ሌላው ሁሉ ግን ያንተ ሊሆን ይችላል። ከምሽቱ 2 ሰዓት ላይ አጥብታ ትተኛ፣ እስከ 6 ሰዓት ልጁ ካንተ ጋር ይሁን። ሲራብ ታመጣላታለህ፣ ጋደም እንዳለች ታጠባለች፣ ስትጨርስ ትወስደዋለህ። ማስገሳቱ፣ ዳይፐሩ፣ እሹሩሩው ያንተ ነው። ከ6 ሰዓት በኋላ አንተ ትተኛለህ። ሁለታችሁም 4 ወይም 5 ሰዓት እንቅልፍ ካገኛችሁ ነገሩ ይቀላል። በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ 1156/2011 ለአባት የሚሰጠው ፈቃድ 3 ቀን ብቻ ነው። ያሳዝናል፣ ያንሳልም፤ ስለዚህ ዓመት ፈቃድ ካለህ ከአሁኑ የተሻለ የምትጠቀምበት ጊዜ የለም።

ጥያቄ፦ የምንኖረው በአንድ ክፍል ቤት ነው፣ አልጋችንም አንድ ናት። የ2 ወር ልጃችን መሃላችን ትተኛለች። በሆዷ ስትሆን ደህና ትተኛለች። ሌሊት ብርድ ስለሆነ ከሰል አስገብተን እናሞቃለን። ሰዎች ደግሞ ስታለቅስ «ግግ ይዟታል፣ ይውጣላት» አሉን።

መልስ፦ ከሰሉን ዛሬ ማታ አውጡት፣ እለምናችኋለሁ። የከሰል ጭስ ባይታይም ካርቦን ሞኖክሳይድ የሚባል ሽታ የሌለው ጋዝ አለው፣ በተዘጋ ቤት ውስጥ ተኝቶ ያለ ቤተሰብ በሙሉ ሊሞት ይችላል። በልብስ አሙቋት፤ እናንተ ከለበሳችሁት አንድ ደረብ ያለ ይበቃታል። የዕጣኑም ጭስ ከእሷ ራቅ ይበል።

በሆዷ የምትተኛው ስለሚመቻት ነው፣ እውነት ነው፤ እንቅልፏ ይከብዳል። አደጋውም እዚያ ላይ ነው፣ አየር ሲያጥራት ቶሎ አትነቃም። አሜሪካ ውስጥ ሕፃናት በጀርባቸው ይተኙ የሚለው ዘመቻ እ.ኤ.አ. በ1994 ከተጀመረ በኋላ ድንገተኛ የሕፃናት ሞት በግማሽ ገደማ ቀንሷል። ሌሊትም ቀንም በጀርባዋ አስተኟት፣ ትራስ አያስፈልጋትም።

አንድ ክፍል መሆኑ ለእሷ ጥሩ ነው፣ ቢያንስ እስከ 6 ወር ከእናንተ ጋር አንድ ክፍል ውስጥ መተኛት አለባት። የሚሻለው ግን ከአልጋችሁ አጠገብ የራሷ ጠንከር ያለ፣ ጠፍጣፋ ፍራሽ ቢኖራት ነው። ትልቅ ሳጥን ወይም ዝቅ ያለ ዘንቢል፣ ጎኑ ጠንካራ ከሆነ፣ ያገለግላል። አልጋችሁ ላይ የግድ ከሆነ መሃላችሁ አትሁን፣ በእናትየው በኩል ትሁን፤ ከመውደቅና በግድግዳው ክፍተት ከመግባትም ጠብቋት፣ ጋቢና ብርድ ልብስ ፊቷ አይድረስ። ከሁለት አንዳችሁ መጠጥ ከቀመሳችሁ ወይም ሲጋራ የምታጨሱ ከሆነ፣ ወይም ልጅቷ ያለጊዜዋ የተወለደች ከሆነ ግን አብሮ መተኛት ፈጽሞ ይቅር። ሶፋ ላይ አቅፎ ማንቀላፋት ደግሞ ከሁሉም የባሰ ነው።

ግግ የሚባለው ገና ያልወጣ ጥርሷ ነው። ድዷን መሰንጠቅም ሆነ እንጥል ማስቆረጥ ደም መፍሰስና ኢንፌክሽን አምጥቶ ሕፃን ይገድላል። ማንንም አታስነኩ። ትኩሳቷ 38 ዲግሪ ከደረሰ፣ ጡት እምቢ ካለች ወይም አተነፋፈሷ ከተለወጠ ሌሊትም ቢሆን ሐኪም ቤት ይዛችኋት ሂዱ።

ጥያቄ፦ ልጄ ደህና ይተኛል። እኔ ነኝ የማልተኛው። ከወለድኩ 3 ወሬ ነው፣ አልጋ ላይ ሆኜ ሲተነፍስ እየሰማሁ ይነጋል። ያለ ምክንያት አለቅሳለሁ። ለማንም አልተናገርኩም።

መልስ፦ ለእኔ ስለጻፍሽልኝ አመሰግንሻለሁ። ልጁ እያንቀላፋ እናት ዓይኗን መክደን ካቃታት ድካም ብቻ አይደለም። ከወሊድ በኋላ የሚመጣ ድብርትና ጭንቀት እንዲህ ነው የሚጀምረው፣ ብዙ እናቶችንም ይይዛል፣ ሕክምናም አለው። እያጠቡ የሚወሰዱ መድኃኒቶች አሉ፣ ከባለሙያ ጋር መነጋገር ብቻውን የሚያድናቸውም ብዙ ናቸው። በዚህ ሳምንት ወደ ጤና ጣቢያ ወይም ሆስፒታል ሂጂ፣ «ልጄ ሲተኛ እኔ አልተኛም፣ ያለቅሰኛል» ብለሽ እንዳለ ንገሪያቸው። ስትሄጂ እናትሽን፣ እህትሽን ወይም ባልሽን ይዘሽ ሂጂ። ራስሽን ወይም ልጅሽን የመጉዳት ሐሳብ ከመጣብሽ ግን ሳምንቱን አትጠብቂ፤ ልጁን ለሌላ ሰው አቅፎ እንዲቆይ ስጪና ያኔውኑ ወደ ድንገተኛ ክፍል ሂጂ። እስከዚያው ሌሊት የእሱን ትንፋሽ የሚጠብቅ ሌላ ሰው እዚያው ክፍል ይደር፣ አንቺ ሌላ ክፍል ተኚ፤ ሲራብ ያመጡልሻል።