እኔን የጣለችኝ «አያንስም» የምትለዋ ቃል ናት

እህቴ፣ «ይበልጣል-ያንሳል ሰንሰለት ላይ ሁሌ እሳሳታለሁ፣ ፈተናው ሁለት ሳምንት ቀረው፣ ምን ይሻለኛል?» ያልሽውን ሳነብ የራሴ ጣጣ ትዝ አለኝ። ፊደሎችን በይበልጣል፣ ያንሳልና እኩል ምልክት አያይዘው ይሰጡሽና ከሥር የተጻፉት ድምዳሜዎች የግድ ይከተላሉ ወይ ብለው የሚጠይቁሽ ማለት ነው። ምልክቶቹን ታውቂያቸዋለሽ፣ እሱን ልዝለለው። የት እንደምትሳሳቺም ሳልጠይቅሽ አውቄዋለሁ።

1. የተጠየቅሽባቸውን ሁለት ፊደሎች ብቻ ያዢና በመካከላቸው ያለውን መንገድ ተከተይ። ሀ > ለ ≥ መ = ረ < ሰ ቢሉሽ፣ ሀ ከ ረ ይበልጣል? አዎ። እስከ ረ ድረስ ምልክቱ አልዞረም፣ በመንገዱ ላይም አንድ ጥርት ያለ > አለ። ሁሉም ≥ ቢሆኑ ኖሮ ግን ≥ ብቻ ነው የምትይው። ሀ እና ሰስ? ረ ላይ ምልክቱ ዞሯል። አይታወቅም፣ በቃ፣ እለፊው። ቁጥር እየተኩ መሞከርም ይቅርብሽ። እኔ 5 እና 3 እየሰጠሁ ስንት ደቂቃ አቃጥያለሁ! አንድ ቁጥር ስለተስማማ ድምዳሜው ልክ ነው ማለት አይደለም።

2. ኮድ ያለበት፣ በምልክቶቹ ፋንታ ★ የመሰለ ነገር የሚጠቀም፣ ሲመጣ መፍቻውን በምልክት ጻፊው። ጉዱ ያለው እዚህ ነው። «ሀ ★ ለ ማለት ሀ ከ ለ አያንስም» ይል ነበር የኔ ፈተና። እኔ ሆዬ > ብዬ ጻፍኩና ቀጠልኩ። አያንስም ማለት እኮ ወይ ይበልጣል ወይ እኩል ነው፣ ≥! በዚያ አንድ መፍቻ ሥር 5 ጥያቄ ነበር። ሦስቱ ተበላሹ። ለስህተት ነጥብ የሚቀነስበት ፈተና ስለነበር ደግሞ ባዶ ብተዋቸው ይሻለኝ ነበር። ለጥቂት ወደቅኩ።

እኔ ግን የአራሚው ስህተት ነው ብዬ ወረቀቴን ልይ ብዬ ሄድኩ። ቢሮው ውስጥ የነበረው ሰውዬ ዓይኑን ከስልኩ ሳያነሳ «ውጤት ተለጥፏል፣ ሌላ ምን ፈለግህ?» አለኝ። ሁለት ቀን መለሰኝ። በሦስተኛው ቀን አንዲት ደግ ሴትዮ አወጣችልኝና የራሴን > በገዛ ዓይኔ አየሁት። ልጨቃጨቅ የሄድኩት ሰው አንገቴን ደፍቼ ወጣሁ። ሰውዬው ግን ባለጌ ነው፣ እሱ አይቀየርም።

3. «ወይ አንደኛው ወይ ሁለተኛው» የሚለውን ምርጫ አትፍሪው። ይህንን ያወቅኩት ዘግይቼ ነው፣ ማንም አልነገረኝም። ሀ ≥ ለ = መ ከሆነና ድምዳሜዎቹ «ሀ > መ» እና «ሀ = መ» ከሆኑ፣ ለየብቻ አንዳቸውም እርግጠኛ አይደሉም፤ ከሁለቱ አንዱ ግን የግድ ነው። «ሁለቱም አይከተሉም» ካልሽ ተበላሽ። መንገዱ ተቆርጦም (ምልክቱ መሀል ላይ ዞሮ ማለቴ ነው) > እና ≤ ጥንድ ሆነው ከመጡ መልሱ ያው ነው፣ ሌላ ቀዳዳ የለማ። መንገዱ ተቆርጦ > እና = ከሆኑ ግን አይሠራም፣ < ቀርታለች። አንዳንዴ ደግሞ ሊያደናግሩሽ «መ < ሀ» ብለው ገልብጠው ይጽፉታል፤ መጀመሪያ አስተካክለሽ ጻፊው።

በሁለተኛው ፈተና ከዚህ ክፍል አንድም አልሳትኩም። ጉራ አይደለም፣ እሺ ትንሽ ጉራ ነው። አሁን የተሳሳትሽበትን አንድ ጥያቄ ከነመፍቻው እዚሁ ለጥፊው፣ ማታ አየዋለሁ።