ለቻይና አዲስ ዓመት ሰው ቤት ከመሄድሽ በፊት

እኅቴ፣ «ከኮምቦልቻ ነኝ፤ በመስከረም ለማስተርስ ወደ ቻይና እሄዳለሁ። በእነርሱ አዲስ ዓመት ዶርም መቆየት ይሻላል ወይስ የክፍል ጓደኛዬ ቤተሰብ ዘንድ መሄድ?» ብለሽ የጠየቅሽውን አነበብሁ። እኔ የደሴ ልጅ ስሆን ሁለቱንም ሞክሬአለሁ። በመጀመሪያው ዓመት የግቢው መመገቢያ ተዘግቶ፣ የሰፈሩ ምግብ ቤቶች ባለቤቶችም ወደየትውልድ ቀያቸው ሄደው፣ ዘጠኝ ቀን ሙሉ በፈላ ውሃ የሚዘጋጅ ኑድል ስበላ ሰነበትሁ። ስለዚህ ሂጂ፤ አካሄድሽ ግን እንደ እኔ አይሁን።

1. ቲኬት። በዓሉ በጨረቃ ስለሚቆጠር ቀኑ በየዓመቱ ይለዋወጣል፤ የሚውለው ከጥር አጋማሽ እስከ የካቲት አጋማሽ ባለው ጊዜ ነው። የጉዞው ወቅት 40 ቀን ይፈጃል፤ የመስከረም 21 የግሸንን መንገድ ካየሽው፣ ያንን በአንድ ሰፊ አገር ላይ ዘርግተሽ አስቢው። የባቡር ቲኬት ሽያጭ የሚከፈተው ከጉዞው 15 ቀን በፊት ስለሆነ፣ ፓስፖርትሽን 12306 በተባለው መተግበሪያ ላይ ቀደም ብለሽ አስመዝግቢ። እኔ ይህን ባለማድረጌ ወንበር የሌለው ቲኬት ደርሶኝ 11 ሰዓት ቆሜ ተጓዝሁ።

2. ምዝገባ። ዋጋ ያስከፈለኝ ይህ ነው። በአገሩ ሕግ ከሆቴል ውጭ የሚያድር የውጭ ዜጋ፣ ራሱ ወይም አስተናጋጁ፣ በ24 ሰዓት ውስጥ ለአካባቢው ፖሊስ ማሳወቅ አለበት። ከመሄዴ በፊት የውጭ ተማሪዎች ቢሮ ገብቼ የሚያስፈልግ ነገር እንዳለ ስጠይቅ፣ ሠራተኛዋ ዓይኗን ከስልኳ ሳታነሣ «በዓል ነው፤ የፈለግህበት ሂድ» አለችኝ፤ እኔም እንደ ፈቃድ ቆጠርሁት። እኔ የሄድሁበት በዓል፣ ቻይናውያን የዘንዶ ዓመት የሚሉት፣ የገባው የካቲት 2 ቀን 2016 ነበር። በአራተኛው ቀን የጓደኛዬ አጎት «ተመዝግቧል ወይ?» ብለው ሲጠይቁ ደነገጥን። ወደ ፖሊስ ጣቢያው ሄደን የገባሁበትን ቀን ሳልዋሽ ተናገርሁ፤ ቅጣቱ እስከ 2,000 ዩዋን ሊደርስ ቢችልም በ500 ተለቀቅሁ። የወር አበሌ 3,000 ነበር። ገንዘቡስ ይሁን፤ ስመለስ ያችው ሠራተኛ በተማሪዎች ፊት ጮኻብኝ ጥፋቴን የሚያምን ወረቀት አስጻፈችኝ፤ «የፈለግህበት ሂድ» ማለቷን ሳነሣባት የማታውቀኝ መሰለች። አንቺ የሚሰጥሽን መልስ በጽሑፍ ተቀበዪ፤ በደረስሽበት ዕለትም፣ ምግብ እንኳ ሳትቀምሺ፣ ጓደኛሽን ይዘሽ ፖሊስ ጣቢያ ሂጂ።

3. ምግብ። በዋዜማው ሌሊት በሰሜኑ ክፍል ጂያውዝ የሚባል በሊጥ የተጠቀለለ ምግብ ይቀርባል፤ በውስጡ አብዛኛውን ጊዜ የአሳማ ሥጋ አለበት። እኛ ወሎ ውስጥ እስላሙም ክርስቲያኑም አሳማ እንደማንበላ ጓደኛዬ አስቀድሞ ነግሯቸው ስለነበር፣ አያቱ ለእኔ ብቻ በእንቁላልና በቅጠል የተሞላ ሠርተው በሌላ ድስት ቀቀሉልኝ። እናቴ ለገና ሙስሊም ጎረቤቶቻችን በእጃቸው ባረዱት በግ ለብቻ ድስት ጥዳ እንደምትጠራቸው ነገርኋቸው። ጓደኛዬ ሲተረጉምላቸው ሴትዮዋ ሳቁና ሳህኔን እንደገና ሞሉት።

ስጦታን በተመለከተ ከፒያሳ የሚያምር የግድግዳ ሰዓት ገዝቼ ሄጄ ነበር። በቋንቋቸው ሰዓት መስጠት የሚለው አነጋገር ለሟች ስንብት ማድረግ ከሚለው ጋር በድምፅ ይመሳሰላልና፣ ጓደኛዬ ሻንጣዬ ውስጥ ሲያየው በፍጥነት ልብስ ጣለበት። ያዳነኝ አንድ ኪሎ ጥሬ ቡናዬ ነው። በመጥበሻቸው ቆላሁት፣ ጀበና ስለሌለ በሻይ ማንቆርቆሪያ አፈላሁት፤ አያቲቱ አቦሉን መድኃኒት ነው ብለው በግድ ጠጡት፣ ቶናውን ስኳር ጨምረው ወደዱት፣ በረካውን ግን ራሳቸው ስኒ ዘርግተው ጠየቁ። ሰዓቱ ዛሬም ደሴ፣ ቤታችን ግድግዳ ላይ ነው።